ጥቆማዎ እየታየ ነው

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጠመኔ ጨብጬ፣
ጊቤን ከነምንጩ ከልቤ ገልብጬ፣
እስከ ኦሞ ድረስ ሰሌዳ ላይ አፍስሼ፣
ደወሉ ሲደወል በዳስተር አብሼ፣
ዐውቃለሁ ብዬ ነው ቤቴ የምገባው።
ስህተቴን ማን አይቶ? ዳስተር ነው የበላው።

አምና በጥቅምት ላይ ሽቦው አጥር ጥሶ፣
ከቤተ ሙከራው ጥግ ከጓዳችን ደርሶ፣
አረንጓዴ ዓይኗን ሳጥኗ ስታበራ፣
ሁሉም አጨበጨበ፤ እኔም ከነሱ ጋራ።
ማጨብጨብ ቀላል ነው።

የሚስጥር ቃሏን ግን በብጣሽ ጽፌያት፣
ስድስት ወር ደብተሬ ልባስ ሥር ቀበርኳት።
ምክንያት መቼ ያጣል የማይፈልግ ሰው?
መብራት ጠፋ እላለሁ። (ይጠፋል፣ እውነት ነው።)
ኔትወርኩ ዘገየ፣ ሲላበሱ አላለቀ፣
ልጁ ጨዋታ ከፍቶ ከትምህርቱ ራቀ።
ሁሉም እውነት ነበር። ግን አንዱም አልነበረም።

እውነቱን ልናገር። ያኔ፣ በኅዳር ወር፣
በስልጠናው አዳራሽ፣ ከኋለኛው ወንበር፣
ማውሱን ብነካው ቀስቷ ጠፋችብኝ፤
ከፊቴ ስፈልጋት ከጎኔ ሳቁብኝ።
ምናልባት በኔ አልነበረም። ምናልባት በሌላ።
ያ «ምናልባት» ግን ስድስት ወር ሙሉ በላ።

ሂክማ፣ የባዮሎጂዋ፣ ያስተማርኳት ልጅ፣
ሻይ ቤት አግኝታኝ ነው፣ አዌቱ ድልድይ ደጅ፦
«ቲቸር፣ እኔም እኮ እሳሳታለሁ ቀኑን ሙሉ፤
ተሳስቼ ነው የማገኘው ደህና ደህናውን ሁሉ።»
ፈገግ አልኩላት። በልቤ ቀናሁባት።
ሌሊቱን ግን ያቺን ቃል አላመጥኳት።

ግንቦት ሲጋመስ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን
ሲደበድበው ከፈትኩ፣ ፈራ ተባ፣ ማሽኑን።
ከሰማይ የታየች ጅማን ግድግዳ ላይ ዘረጋሁ፤
ላቤን ከመዳፌ ሱሪዬ ላይ ጠረግሁ።

«ያቺ መርካቶ ናት!» «ያ የኛ ቆርቆሮ!»
«አዌቱን እዩት፣ እንደ ክር ተቋጥሮ!»
ሃምሳ ስምንት ልጅ ከወንበር ተነሳ፤
ዝም በሉ ማለትን አፌም እጄም ረሳ።

ረምላ አባ ቢያ ናት፣ ከኋለኛው ወንበር፦
«ከአጥራችን ጀርባ ክረምት የሚጮኸው፣
ቲቸር፣ ለገ ራቻ፣ ካርታው ላይ የት ነው?»

አጎላሁ። ደግሜ አጎላሁ።
ውሃው አለ፣ ቀጭን ነው፤ ስም ግን የለውም።
በየቀኑ እሻገረዋለሁ፣ ጫማዬን አጥቤበታለሁ፤
እኔም ሰሌዳ ላይ አስፍሬው አላውቅም።
«ለምን ተውት?» አለች።

እጄ ወደ ዳስተር ሄደ።
ብርሃን በዳስተር አይጠረግም።
ጠቋሚዋ ብልጭ ጥፍት ትላለች፣
መልስ እንደምትጠብቅ ተማሪ ቆማለች።

«አላውቅም» አልኩ።
ሃያ ሁለት ዓመት ከጥርሴ ኋላ ያደረች ቃል
ወጣች፤ ጣሪያው አልወደቀም።
«እንፈልግ» አልኩ፣ «ካጣንም እኛው እንጻፈው።»

ከዚያ ማን ይቻላቸው! አንዱ ርቀት ለካ፣
አንዷ በስልኳ የእንቁራሪቶቹን ጩኸት ቀዳች።
«ራቻ» ነው «ራጫ» ተብሎ ቡድን ተለየ፣
ዘበኛው አባ ሜጫም፣ ጃንጥላውን ተደግፎ፣
«በኛ ጊዜ ሌላ ስም ነበረው» ብሎ
የተዳፈነውን ክርክር እንደገና ጫረው።

ላክነው። መልስ መጣ፦
«እናመሰግናለን። ጥቆማዎ እየታየ ነው።»

ይኸው ሰኔ ገባ። አሁንም እየታየ ነው።
ረምላ ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኛለች፤
እኔ ደግሞ ማታ፣ ልጆቼ ሲተኙ፣ ከፍቼ አያለሁ።
ፍርሃቴን ጥሎኝ ሄደ ብዬ አልዋሽም፤
የሱም ጉዳይ ገና እየታየ ነው።

ትናንት ቀስቷ ደግማ ጠፋችብኝ።
ከኋላ ሳቁ። በዚህኛው ምናልባት የለም፣ በኔ ነው።
ረምላ መጥታ በጣቷ አሳየችኝ፦
ከላይ፣ ከቀኙ ጥግ፣ ተደብቃ ነበር።